ከአሚኔ ጓሮ የወጣ ስም

ሆላንድ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለእህቴ ለመምህርት ከድጄ ሸምሶ
ቡታጅራ

አሰላሙ ዐለይኩም እትዬ። አንቺ፣ እናታችን፣ ጎረቤቱም ሁሉ እንደምን ከረማችሁ? እኔ ከብርዱ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም፣ አልሐምዱሊላህ። ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ። «ሰው ሁሉ ወንድምሽ እዚያ ምን እየተማረ ነው ይለኛል፤ ምን ብዬ ልመልስ?» ላልሽኝ የሚሆን መልስ አጥቼ ደጋግሜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ሻጋታ እየተማረ ነው በያቸው። ከሳቁም ይሳቁ። ዳቦ ላይ፣ እርጥብ ግድግዳ ላይ፣ የተረሳ ቆጮ ላይ የሚወጣው በዓይናችን የምናየው ትንሹ ነው። የሚበዛው ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ ከማይታየውም ውስጥ እስካሁን ስም ያለው ጥቂቱ ነው። የእኛ ሥራ ስም የሌለውን መለየት፣ ከዘመዶቹ ጋር መመደብ፣ ዘመድ ከታጣለት ደግሞ አዲስ ወገን ከፍቶ ስም ማውጣት ነው።

አሁን ወሬውን ልንገርሽ። ከቤት ስነሣ እናታችን ቅቤውን የጠቀለለችበትን የእንሰት ቅጠል አልጣልኩትም ነበር። ቆርጬ እርጥብ ወረቀት በተነጠፈበት ሳህን ከድኜ አስቀመጥኩት። ቆይቼ በማይክሮስኮፕ ሳየው፣ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር ግንድ አብቅሏል፤ ከግንዱ ጫፍ ላይ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር የሆኑ ሁለት ቀንዶች ያሏቸው ዘሮች ተንጠልጥለዋል። እዚህ ባሉት መጻሕፍት ሁሉ ፈልጌ መሳዩን አጣሁ።

አስተማሪዬ ፕሮፌሰር ደ ቦር ንግግር የማያበዙ ሽማግሌ ናቸው። ጎንበስ ብለው አዩና «የታወቀ ወገን፣ አዲስ ዝርያ» አሉኝ። እኔ ወገኑም አዲስ ነው አልኩ። ድሮ ሻጋታ የሚመደበው በቀለሙና በመልኩ ነበር፤ በእኛ ዘመን ግን ዘሩ ከግንዱ ላይ እንዴት እንደሚወለድ ነው የሚጠየቀው። የዚህኛው አወላለድ ከማንም ጋር አይገጥምም። «እንግዲያው አስረዳኝ» አሉ። ለማስረዳት ግን የቀረኝ ቅጠል መዳፌን አይሸፍንም።

ስለዚህ እለምንሻለሁ፤ ከእናታችን ጓሮ የደረቀና የበሰበሰ የእንሰት ቅጠል ላኪልኝ። ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ በወረቀት እንጂ በላስቲክ አታሽጊው።

ደግሞስ እናታችን ምነው ዝም አለች? በደብዳቤሽ ውስጥ ከእሷ የመጣ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ወንድምሽ ሰማን


ቡታጅራ፣ ኅዳር 22 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰማን

ወዐለይኩሙ ሰላም። ብርዱን የሚችል ካፖርት ገዝተህ እንደሆን ሳትነግረኝ ስለ ሻጋታ ሁለት ገጽ ጻፍክ፤ ይሁን። ደብዳቤህን በበርበሬ ነጋዴው በከድሮ ሱቅ ውስጥ ለተሰበሰቡት ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ከድሮ «ሻጋታ ለማየት ሆላንድ ድረስ መሄዱ ለምንድን ነው? በክረምት የኔን መጋዘን ቢከፍት በነፃ ያይ ነበር» አለ። ተሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ አዲስ ወገን ማግኘት ማለት ምን እንደሆነ ባወቅሁት መጠን አስረዳኋቸው። ከድሮም በመጨረሻ «የኛ አገር ልጅ ነው ያገኘው በሉኛ» ብሎ ሻይ ጋበዘ።

ቅጠሉን ስላልላክሁልህ ይቅርታ አድርግልኝ። የተማሪዎች ፈተና ደረሰብኝ፤ ዝናቡም ሳያቋርጥ ስለቆየ መንገዱ ጭቃ ነው። እናታችን ለጥቂት ጊዜ እኔ ጋ ናት። ጉልበቷን ትንሽ አሟት ነበርና መስቃን ብቻዋን ከምትሆን ከተማ ትረፍ ብዬ ነው። ሰላም ብላሃለች።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቅጠሉ የግድ ከኛ ጓሮ መሆን አለበት? እዚህ ከተማው ዳር ደህና እንሰት ያላቸው ሰዎች አሉ። ከእነሱ ብልክልህ ምን ይጎድለዋል?

እህትህ ከድጄ


ሆላንድ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለእህቴ ለከድጄ

እንደምን አላችሁ? ካፖርቱን ገዝቻለሁ፤ አሮጌ ነው፣ ግን ይሞቃል። የከድሮን ነገር ለፕሮፌሰሩ ብነግራቸው «ትክክል ብሏል፤ ከመጋዘኑ ጥቂት በርበሬ ይላክልን» አሉ።

እትዬ፣ ኅዳር ላይ ሳያቋርጥ የሚዘንበው ከመቼ ወዲህ ነው? አልጨቀጭቅሽም። እናታችን እንሰቷን ትታ ከተማ ልረፍ የምትል ሴት አለመሆኗን ግን አንቺም እኔም እናውቃለን።

ቅጠሉን በተመለከተ፣ ከሌላ ሰው ጓሮ ያው ሻጋታ ይኑር አይኑር አላውቅም። ከኛ ጓሮ መኖሩን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። አዲስ ወገን ሲመዘገብ አንድ ናሙና ደርቆ ለዘላለም ይቀመጣል፤ ወደፊት የሚጠራጠር ሁሉ ወደዚያ ናሙና ተመልሶ ያያል። ናሙናው ላይ የተገኘበት ቦታ ይጻፋል። ስለዚህ «ከከተማ ዳር፣ ከአንድ ሰው» ብዬ ልጽፍ አልፈልግም።

አሁን ደግሞ ምክርሽን ወደምሻበት ጉዳይ ልግባ። ፕሮፌሰሩ ስለ ሥራዬ ለላከኝ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ጽፈው ነበር። ትናንት መልስ መጣ። ከምስጋናው በኋላ እንዲህ ይላል፦ «ይህ አዲስ ወገን የነፃ ትምህርት ኮሚቴያችን የበላይ በሆኑት በክቡር ፊታውራሪ ገሠሠ ስም ቢጠራ ለመሥሪያ ቤታችን ታላቅ ደስታ ነው።» የትኛው ፊታውራሪ ገሠሠ እንደሆነ መቼም አይጠፋሽም። እናታችን የምትኖርበት መሬት ባለርስት ናቸው።

ፕሮፌሰሩን ጠየቅኋቸው። «የተለመደ ነው» አሉ። «የሹም ስም፣ የሀብታም ስም፣ የአማት ስም ሳይቀር የተሸከመ ሻጋታ ሞልቷል። ውሳኔው ያንተ ነው።»

ደስ አላለኝም፤ ሰውየው አባታችን ሲሞት እንኳ የአስከሬን ማረፊያ ያስለመኑን ናቸው። ግን ደግሞ አሰብኩ። እናታችን በእሳቸው መሬት ላይ ናት። ስማቸውን ብሰጠው ምናልባት ለእሷም ለጎረቤቶቿም እጃቸው ይላላ ይሆናል። እኔ አንድ ስም ባጣ ምን አጣለሁ? አንቺ ምን ትያለሽ?

ሰማን


ቡታጅራ፣ ጥር 11 ቀን 1962 ዓ.ም.

ሰማን

ስሙን አትስጣቸው። ይህን ከሰላምታው ያስቀደምኩት የሚቀጥለውን ሳታነብ ቁርጡን እንድታውቅ ብዬ ነው።

አሁን እንደምን ሰንበትክ? እናታችን ጤነኛ ናት። ጉልበቷንም አላመማትም። ዝናብም አልነበረም። የዋሸሁህ ራሷ «ልጄ ሰው አገር ብቻውን ነው፤ ይህን ሰምቶ ማን ትከሻ ላይ ያለቅሳል?» ብላ ስላስማለችኝ ነው። ደብዳቤህን ካነበብኩላት በኋላ ግን «በይ ጻፊለት፤ ሳያውቅ እንዳይሳሳት» አለች።

ጓሯችን የለም። ዘመን መለወጫ እንዳለፈ የፊታውራሪው ወኪል መጥቶ መሬቱ በትራክተር ለበርበሬ ሊታረስ ስለሆነ ጭሰኛው ሁሉ ይልቀቅ አለ። ግማሹ ወደ ቆሼ ከተማ ወረደ፤ ግማሹ ዘመድ ፍለጋ አዲስ አበባ ገባ። እናታችን አልነሣም አለች። በርጩማዋን እንሰቱ መሐል አስቀምጣ ተቀመጠች። እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ሰው መጥቶ ጠርቶኝ ሮጬ ስደርስ ትራክተሩ ዙሪያዋን ሲያርስ አገኘሁት። በመጨረሻ ሁለት ዘበኞች ከነበርጩማዋ አንሥተው መንገድ ዳር አወጧት። እዚያም ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ፊቷን ወደ ጓሮው አዙራ ያለቀው አልቆ ሰዎቹ እስኪሄዱ አየች። እንሰቱን ነቅለው አጥሩ ሥር ከመሩት። ቦታው አሁን በሽቦ ታጥሯል።

ፊታውራሪው ስማቸው እንዲወጣለት የፈለጉት ነገር የት እንደተገኘ እሳቸውም አያውቁም፤ አዲስ አበባ ያሉትም አያውቁም። ለእናታችን ስነግራት «ሻጋታው ከኔ እንሰት ላይ ነው የወጣው?» አለች።

«አዎ» አልኳት።

«ታዲያ ሰውየው ምን አደረጉበት?»

እጃቸው ይላላ ይሆናል ላልከው፣ እጃቸው ሥራውን ጨርሷል፤ የሚላላ ነገር አልቀረም።

ቅጠልህ ግን ይመጣል። ክምሩ አሁንም አጥሩ ሥር ነው። እንዳትከለክለኝ፤ ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ሄጄ ይሆናል።

ከድጄ


ሆላንድ፣ የካቲት 9 ቀን 1962 ዓ.ም.

እትዬ ከድጄ

እንደምን ናችሁ ብዬ ለመጠየቅ አፈርኩ። በየደብዳቤዬ ቅጠል ላኪ፣ ቅጠል ላኪ ስልሽ የከረምኩት ያ ሁሉ በሆነበት ጊዜ ነው።

ደብዳቤሽን የከፈትኩት ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። አንብቤ ጨርሼ ማይክሮስኮፑን ከደንኩና መስኮት መስኮቱን ሳይ ቆየሁ። ፕሮፌሰሩ ገብተው «ሰው ሞተብህ?» አሉኝ። ያው እንደምታውቂው የኔ ቋንቋ በእንዲህ ያለ ቦታ ይሰበራል፤ እንደምንም ነገርኳቸው። የገረማቸው ትራክተሩ አልነበረም። «ዙሪያዋን አረሱ? እሷ ተቀምጣ?» ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። ከዚያ ወጥተው ሄዱ።

መጀመሪያ ሁሉን ትቼ ልምጣ አልኩ። ልብሴንም ማስተካከል ጀምሬ ነበር። ግን ብመጣ ምን አደርጋለሁ? ሽቦው ፊት ቆሜ አያለሁ፤ እዚህ የጀመርኩት ደግሞ ለሌላ ሰው ይቀራል፤ ያ ሌላ ሰው የተባለውን ስም ያወጣለታል። ስለዚህ ልብሴን መልሼ ሰቀልኩ።

ለመሥሪያ ቤቱ መልስ ጽፌያለሁ። ግልባጩን አልክልሽም፤ አጭር ስለሆነ እዚሁ ልገልብጠው፦

«ለአዲስ ወገን ስም የሚያወጣው ያገኘውና የገለጸው ሰው መሆኑን ደንቡ ይደነግጋል። ክቡር ፊታውራሪ ይህን ወገን አላገኙትም። የተገኘበትን ጓሮ ግን አስነቅለውታል። ስለዚህ በስማቸው አልጠራውም።»

ፕሮፌሰሩ አነበቡትና «ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ብትተወው ይበጅህ ነበር» አሉኝ።

«አውቃለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ሂድ» አሉኝ።

እትዬ፣ አጥሩን እንዳትሻገሪ። ቅጠሉ ይቅር። ሌላ ጓሮ፣ ሌላ ክረምት ይመጣል። አንቺ አስተማሪ ነሽ፤ ደሞዝሽ በእነሱ እጅ ነው። ደግሞ ከእንግዲህ ምንም አትደብቁኝ፤ እኔ እዚህ የማለቅስበት ትከሻ ባጣም የምቆጣበት ቦታ አላጣሁም።

ሰማን


ቡታጅራ፣ መጋቢት 5 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰማን

እንደምን አለህ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን የምልህ አሁን እውነቱን ነው። ማስጠንቀቂያህ ከሥራው በኋላ ደረሰ። ከዚህ ጋር ትልቅ የወረቀት ከረጢት ይደርስሃል፤ እንዳልከው ጥላ ውስጥ ደርቋል። እንዴት እንደመጣ ደግሞ አትደብቁኝ ስላልክ እነግርሃለሁ።

ብቻዬን ልሄድ ነበር። እናታችን ነጠላዋን ደርባ በሩ ላይ ጠበቀችኝ፤ «የቱ ክምር የኔ እንደሆነ በምን ታውቂዋለሽ?» አለች። በጠራራ ፀሐይ በዋናው መንገድ ሄድን። ሽቦውን ከፍ አድርጌላት እሷ ገባች፤ እሷ ደግሞ ለኔ ያዘችልኝ። ከረጢቱን ሞልተን ስንወጣ ዘበኛው ደበሌ ያዘን። ደበሌን ታውቀዋለህ፤ አባቱ ከኛ በታች ያርስ የነበረው። መሬት መሬት እያየ «እትዬ አሚኔ፣ ወኪሉ ቆሞ እያየኝ ነው፤ ምን ላድርግ?» አላት። «ሥራህን» አለችው።

ዳኛው ፊት ቀረብን። ወኪሉ «የርስቱን ንብረት ሲሰርቁ እጅ ከፍንጅ ተይዘዋል» አለ። ዳኛው «ምን ዓይነት ንብረት?» ሲሉ ደበሌ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። የበሰበሰ ቅጠል። ዳኛው በብዕራቸው ጫፍ ገፋ ገፋ አደረጉት።

«ይህን ነው ሰረቁ የምትለው?»

«አዎን ጌታዬ።»

«ምን ያወጣል?»

ወኪሉ ደበሌን አየው። ዳኛው ወደኔ ዞሩ። «አንቺ መምህርት ነሽ። ይህን ለምን ፈለግሽው?»

«ወንድሜ ሆላንድ ያጠናዋል» አልኩ።

«ቅጠሉን?»

«ሻጋታውን።»

ሰው ሳቀ። እናታችን አልሳቀችም። ሳይፈቀድላት ተነሥታ ቆመች። «ጌታዬ፣ ይህን የተከልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ቆሞ ሳለ የኔ አይደለም ብለው ነቀሉት። ወስደው አልበሉትም፤ ጥለውት በሰበሰ። አሁን በስብሶ የነሱ ከሆነ፣ መቼ እንደሆነ ይንገሩኝ።»

ማንም አልሳቀም። ዳኛው ቅጠሉ እንዲመለስልን አዘዙ፤ አጥሩን ሁለተኛ ብንሻገር ግን እንደምንታሰር አስጠነቀቁን። ስንወጣ ደበሌ የፈሰሰውን ለቅሞ ከረጢቱን አስሮ ሰጠኝ።

ወኪሉ ግን በዚህ አልበረደም። ትምህርት ቤታችን ድረስ መጥቶ ከዳይሬክተሩ ጋር በር ዘግተው ሲነጋገሩ ቆዩ። ምን እንደተባለ ገና አልነገሩኝም። ቢነግሩኝ እጽፍልሃለሁ።

ከድጄ


ሆላንድ፣ ነሐሴ 16 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለእህቴ ለከድጄ ሸምሶና ለእናቴ ለአሚኔ

እንደምን ከረማችሁ? በመሐል አጫጭር ወረቀት ብቻ እየላክሁ ስለቆየሁ ይቅር በሉኝ። ሥራው ሳያልቅ ተስፋ ልሰጣችሁ አልፈለግሁም። አሁን አልቋል።

ከረጢቱን የከፈትኩ ዕለት ያየሁትን ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት የነበረኝ በመዳፍ የሚያዝ ቅጠል ላይ እዚህም እዚያም የበቀለ ጥቂት ግንድ ነበር። የላካችሁት ግን ጠቁሯል። ተነቅሎ፣ ተከምሮ፣ የመስከረም ዝናብ ወርዶበት ክምሩ ውስጥ እንደረጠበ ከርሞ፣ ያ ሻጋታ እንደ ደን በቅሎበታል። ይህ ፍጥረት ሕይወት ያለውን አይነካም፤ የሞተውን ነው በልቶ ወደ አፈር የሚመልሰው። ሰዎቹ ጓሮውን ሲገድሉት ለእሱ ድግስ ደገሱለት።

ከዚያ በኋላ አወላለዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማየት ቻልኩ። ዘሩ ከግንዱ ጫፍ ሲያብጥ፣ መጀመሪያ አጭሩን ቀንድ፣ ቀጥሎ ረጅሙን ሲያወጣ፣ ሲላቀቅም ግንዱ ላይ ቀለበት የመሰለ ጠባሳ ትቶ ሲሄድ። አዲሱ ዘር ደግሞ ከዚያው ጠባሳ ውስጥ ይወጣል። ፕሮፌሰር ደ ቦር ወንበር ስበው ተቀመጡና ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሡ ብዙ ቆዩ። ሲነሡ «ያልከው ሆነ፤ ወገኑ አዲስ ነው» አሉ። ሽማግሌው ሲረቱ ደስ የሚላቸው ሰው ናቸው። የዚያን ዕለት ራሳቸው ምሳ ጋበዙኝ።

ደንቡ መግለጫው በላቲን ይጻፍ ይላል። ዛሬ የማንም አገር ቋንቋ ስላልሆነ ማንም አይጣላበትም። ጻፍኩት፤ እሳቸው ሰዋስዉን አቀኑልኝ። ከዚያ «ስሙስ?» አሉ።

የወገኑን ስም «አሚኔያ» ብዬዋለሁ። የዝርያውን ደግሞ «መስቃኔንሲስ»፣ ከመስቃን የሆነ ማለት ነው። ናሙናው ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «የበሰበሰ የእንሰት ቅጠል ላይ፤ ኢትዮጵያ፣ ቡታጅራ አጠገብ፣ መስቃን፤ ከአሚኔ ጓሮ። ሰብሳቢዎች አሚኔና ከድጄ ሸምሶ።» እናቴን ሳላስፈቅድ በስሟ ሻጋታ መጥራቴ ቅር ቢላት ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሁን ግን ልመልሰው አልችልም። ባለፈው ሳምንት ታትሟል። ከታተመ በኋላ ስምን መሻር የለም፤ ባለሥልጣን አይሽረውም፣ ያወጣሁት እኔም ብጸጸት አልሽረውም።

ክፉውንም ልናገር። መሥሪያ ቤቱ ድጎማዬን አቋርጦ በአስቸኳይ ተመለስ ብሎኛል። «ትምህርቴን ስጨርስ እመለሳለሁ» ብዬ መለስኩ። ፕሮፌሰሩ በተቋሙ ውስጥ ሥራ አስገቡኝ፤ ጠዋት ጠዋት የሌሎቹን ሳህንና ብልቃጥ አጥባለሁ፣ ከሰዓት የራሴን እሠራለሁ። ለኔ አታስቡ።

እትዬ፣ ዳይሬክተሩ ከወኪሉ ጋር በር ዘግተው የተነጋገሩት ምን ሆነ? ሦስት ጊዜ ጠይቄሽ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ከድሮ መጋዘን መለስሽልኝ።

ሰማን


ወልቂጤ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰማን

አሰላሙ ዐለይኩም። ከላይ ቡታጅራ ሳይሆን ወልቂጤ መጻፌን ስታይ የጠየቅኸኝ ሁሉ ተመልሶልሃል። ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው ተብዬ ትምህርት ሲከፈት ተዛወርኩ። እንደምታውቀው ከቡታጅራ እዚህ በቀጥታ የሚያመጣ መኪና የለም፤ አዲስ አበባ ዞረን፣ ዕቃችንን ጭነን አውርደን፣ እናታችንን ይዤ መጣሁ። ላንተ ያልነገርኩህ ሳህን በሚያጥበው ልጅ ላይ ሌላ ሸክም ላለመጨመር ነው። ደብቄሃለሁ፤ ተቆጣኝ።

አገሩ ክፉ አይደለም። ሰዉ አቀረበን። ተማሪዎቼ በአማርኛው እየተንተባተቡም ቢሆን ይከራከሩኛል፤ ደስ ይለኛል።

የስሙን ነገር ለእናታችን የነገርኳት ዕቃ ስንፈታ ነበር። የላክኸውን እትም ገልጬ ስሟን በጣቴ አሳየኋት። በላቲን ፊደል ነው፤ በየትኛውም ፊደል ቢሆን አታነበውም፤ ግን ጣቷን እሱ ላይ አሳርፋ ቆየች።

«ሻጋታው ሰው ያሳምማል?» አለችኝ።

«አያሳምምም። የሞተ ቅጠል ነው የሚበላው።»

«ይጠቅማልስ?»

«ለአፈሩ ይጠቅማል።»

«ፊታውራሪው ሊፍቁት ይችላሉ?»

«ማንም አይችልም።»

«እንግዲያው ይሁን» አለች። ቀጥላም «ስለ አባቱ ስለ ሸምሶ ምንም አልጻፈም? ጓሮውን መጀመሪያ ያጠረው እሱ እኮ ነው» ብላ ወቀሰችህ። ለሚቀጥለው ሻጋታ አስብበት።

ፊታውራሪው ነገሩን ሰምተዋል። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ወደ ትምህርት ቢሮ ተጠራሁ። ከቢሮው ኃላፊ ጎን ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሰው ተቀምጦ ነበር፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«መምህርት ከድጄ፣ ወደ ቡታጅራ መመለስ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

«እፈልጋለሁ» አልኩ። አልዋሸሁም፤ እፈልጋለሁ።

«ቀላል ነው። ወንድምሽ ስሙን ያስተካክል። ስሕተት ነበር ብሎ አንድ መስመር ይጻፍ። የሱም ድጎማ ይመለሳል።»

«አይቻልም» አልኩት።

«ማነው አይቻልም ያለው?»

«ደንቡ ነው።»

«የምን ደንብ?»

«የሻጋታ ስም የሚወጣበት ደንብ። አንዴ ከታተመ አይሻርም። ወንድሜ ቢፈልግም አይችልም።»

ሰውየው ወደ ቢሮው ኃላፊ አየ፤ ኃላፊው ወደ መስኮቱ አዩ። «በዚህ አገር» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «የማይሻር ነገር የለም።»

«በዚህ አገር አልተጻፈም» አልኩት።

ወንበሬን መልሼ ወደ ቦታው አስጠግቼ ወጣሁ። ደጅ ስደርስ ሳቄ መጣ፤ ብቻዬን እየሳቅሁ ገበያውን አቋርጬ ቤቴ ገባሁ። ስለዚህ ወልቂጤ እንኖራለን። አንተም ብልቃጥህን አጥበህ ትምህርትህን ጨርስ። ማንም ቢለምንህ፣ እኔን ነው የምጠቅመው ብለህ አንድ መስመር እንዳትጽፍ።

እናታችን ከትናንት ወዲያ ሰዎች ይዛ ቸሃ ወጥታ የእንሰት ችግኝ ተሸክማ መጣች። ከተከራየነው ቤት ጓሮ ዛሬ ከጠዋት ጀምራ ስትቆፍር ዋለች። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ወለተ ሐና ደግ ሴት ናቸው፤ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «አሚኔ፣ ይህ እስኪደርስ እኮ ዓመታት ነው። አስተማሪ ደግሞ መቼ እንደሚነሣ አይታወቅም። ቤቱም የኔ ይሁን እንጂ መሬቱ የሰው ነው፤ ነገ መጥተው ቢነቅሉትስ?» አሏት።

እናታችን ቀና አላለችም። አፈሩን በእግሯ እየደመደመች «ይነቅሉት ይሆናል» አለቻቸው። «እስኪነቅሉት ግን ይበቅላል።»

እህትህ ከድጄ